ለወረርሽኝ ስምሪት የባለሙያን ችሎታ በምን እንመዝን? ቅጽ ማስሞላት ይበቃል?

ሲስተር ቅኝት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአማራ ክልል የአንድ ዞን ፌም (የኅብረተሰብ ጤና ድንገተኛ አደጋ ቁጥጥር) ኦፊሰር ነኝ። በዞናችን ካሉ ወረዳዎች ለድንገተኛ ምላሽ የሚሰማሩ ባለሙያዎችን ሮስተር (የስም ዝርዝር) አዘጋጅተን፣ እያንዳንዳቸው ምን መሥራት እንደሚችሉ መዝነን እንድንልክ ተጠይቀናል። ሰማንያ ሰው ገደማ ይሆናሉ፦ ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ ላብራቶሪ፣ አካባቢ ጤና፣ ፋርማሲ፣ ጥቂት የጤና ኤክስቴንሽን ሱፐርቫይዘሮችም አሉበት።

በእጃችን ያለው ቅጽ ባለሙያው ለራሱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት ነው። «የወረርሽኝ ምርመራ»፣ «የመረጃ ትንተና»፣ «ኢንፌክሽን መከላከል»፣ «ከማኅበረሰብ ጋር መግባባት» እያለ ይሄዳል። ለሙከራ ለአንድ ወረዳ ልከነው ከሞላ ጎደል ሁሉም 4 እና 5 ሞልተው መልሰዋል። በዚህ ቁጥር ሰው መርጦ መላክ አስቸገረኝ። ዞናችን ቆላ አለው፤ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል፣ በክረምት ሕዝብ የሚበዛባቸው የጸበል ቦታዎችም አሉ። ስለዚህ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት)፣ ወባና ኩፍኝ ከየአቅጣጫው ሊመጡብን የሚችሉ ናቸው።

ጥያቄዎቼ፦ ቅጹን ልተወው ወይስ ላሻሽለው? የተግባር ፈተና ከሆነ በምን በምን ላይ? ማለፊያውን ማን ይወስናል? ጤና ጣቢያዎቹንስ ባዶ ሳላደርግ እንዴት ላካሂደው?

---

የምላሽ አስተባባሪ

ሲስተር፣ ቅጹን አይጣሉት፤ ጥያቄውን ይለውጡት። «ምን ያህል ትችላለህ» ሲባል ሰው የሚመልሰው በራሱ ላይ ያለውን እምነት ነው። ጥቂት የሚያውቅ የሚጎድለውን ስለማያይ 5 ይሞላል። ብዙ ወረርሽኝ ላይ የሠራ ደግሞ የት የት እንደሚበላሽ ስለሚያውቅ 3 ይሞላል። በዚያ ላይ አበል የሚፈልግ ነጥቡን ከፍ፣ ከቤቱ መራቅ የማይፈልግ ዝቅ ያደርገዋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተደባልቀው ስለሚመጡ በኋላ መለየት አይቻልም።

በምትኩ ሊመሳከር የሚችል ነገር ይጠይቁ። «ባለፉት 24 ወራት የአተት ታማሚ በደም ሥር ፈሳሽ ሰጥተሃል? የት? ስንት ለሚሆኑ ሰዎች? ማን ይቆጣጠርህ ነበር?» «ላይን ሊስት (የታማሚዎች ዝርዝር ሠንጠረዥ) ከባዶ ጀምረህ ታውቃለህ? ፋይሉ አለህ?» የሦስት ወሩን ፍሮንትላይን የመስክ ኤፒዴሚዮሎጂ ሥልጠና የጨረሰ ሰው ካለ ሰርተፍኬቱን ብቻ አይዩ፤ ለሥልጠናው የጻፈውን የመስክ ሪፖርት ያስመጡና ያንብቡት። አንድ ገጽ ሪፖርት ከሰርተፍኬት የበለጠ ይናገራል።

ሁለተኛው ነገር፣ ከሙያ ስም ሳይሆን ከሥራው ይነሱ። ዞንዎ ላይ ሊደርሱ የሚችሉ ሦስት ሁኔታዎችን ይምረጡ፦ በጸበል ቦታ ወይም በእርሻ ካምፕ የተነሳ አተት፣ በቆላ ቀበሌ የተነሳ ኩፍኝ፣ እና አንድ ደም የሚያፈስ ትኩሳት ያለበት ታማሚ። ሦስተኛውን «እኛ ጋ አይመጣም» ብለው አይዝለሉት። በህዳር 2018 ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጂንካ ላይ እንዲህ ያለ ትኩሳት የሚያመጣው የማርበርግ በሽታ ተረጋግጧል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሁኔታ በመጀመሪያው ሳምንት ማን ምን መሥራት እንዳለበት ይጻፉ። 7-1-7 የሚባለው መለኪያ እዚህ ላይ ይረዳል፦ ወረርሽኙ በተነሳ በ7 ቀን ውስጥ መለየት፣ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ በ7 ቀን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የምላሽ ሥራዎች ማጠናቀቅ። የሚልኩት ቡድን የሚሠራው በዋናነት በመጨረሻው 7 ቀን ውስጥ ስለሆነ ምዘናውም ያን ሳምንት መምሰል አለበት።

ሥራውን በግስ ይጻፉት። «ስለ ኢንፌክሽን መከላከል ዕውቀት አለው» የሚለውን ማንም አይቶ ሊመዝነው አይችልም። «በ20 ሊትር ባልዲ 0.5 በመቶ ክሎሪን በትክክል አዘጋጅቶ ምልክት ይለጥፍበታል» የሚለውን ግን ቆሞ ማየት ይቻላል። ለአንድ የሥራ ድርሻ ከ6 እስከ 8 እንዲህ ያለ ተግባር ይበቃል። ድርሻ ስል ሙያ ማለቴ አይደለም። ላይን ሊስት ላይ ጎበዝ የሆነ ነርስ አለ፤ ኤክሴል ከፍቶ የማያውቅ ጤና መኮንንም አለ። በሙያ ከመደቡ ሁለቱንም ያለቦታቸው ይልካሉ።

---

አተት ማዕከል

የአተት የፈተና ጣቢያዎችን (ተመዛኙ ተራ በተራ በተግባር የሚፈተንባቸውን ጠረጴዛዎች) በተመለከተ የሚበላሹትን ቦታዎች ልናገር፤ ፈተናው እነሱ ላይ ማረፍ ስላለበት።

ክሎሪን። 70 በመቶ ኤችቲኤች (የክሎሪን ዱቄት)፣ የ20 ሊትር ባልዲ፣ ሚዛን፣ የሾርባ ማንኪያ፣ ጓንት፣ ማስክና መነጽር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፤ «0.5 በመቶ 20 ሊትር አዘጋጅ» ይበሉ። ትክክለኛው መልስ 143 ግራም ገደማ ነው (20 ሊትር በሊትር 5 ግራም 100 ግራም ንጹህ ክሎሪን ይሆናል፤ ለ0.70 ሲካፈል 143)። ለእጅ መታጠቢያ 0.05 በመቶ ከሆነ 14 ግራም ገደማ። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው፦ ዱቄቱ 70 በመቶ መሆኑን ሳያነብ 100 ግራም የሚጨምር፣ ማንኪያው ስንት ግራም እንደሚይዝ ሳይመዝን በማንኪያ የሚቆጥር፣ እና የዜሮ ቦታ ስቶ ለእጅ 0.5 የሚያዘጋጅ። የመጨረሻው እጅ ያቃጥላል፤ ከዚያ ሠራተኛው መታጠብ ያቆማል። ቀጥሎ ኤችቲኤቹን ያንሱና 5 በመቶ በረኪና ይስጡ። ለ0.5 በመቶ 2 ሊትር በረኪና ከ18 ሊትር ውሃ ጋር ነው። የጠርሙሱን ምልክት አንብቦ መቶኛውንና የተመረተበትን ቀን የሚያይ ሰው ተጨማሪ ነጥብ ይገባዋል፤ በረኪና ሙቀት ላይ ሲቆይ ይደክማል። በዝግ ክፍል ውስጥ የሚበጠብጥ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር የሚደባልቅ ሰው ግን ቀሪው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ መውደቅ አለበት።

ፈሳሽ መስጠት። ሁለት ታማሚ በወረቀት ይስጡ። አንዱ 50 ኪሎ የሚመዝን፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ የደም ምቱ የማይጨበጥ አዋቂ። ሪንገር ላክቴት 1,500 ሚሊ ሊትር በ30 ደቂቃ፣ ከዚያ 3,500 ሚሊ ሊትር በ2 ሰዓት ተኩል (30 እና 70 ሚሊ ሊትር በኪሎ)። ሁለተኛው 8 ኪሎ የሚመዝን የ10 ወር ሕፃን፦ 240 ሚሊ ሊትር በ1 ሰዓት፣ 560 ሚሊ ሊትር በ5 ሰዓት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፤ መጠኑን በኪሎ በትክክል ያሰላና የአዋቂውን ሰዓት ለሕፃኑ ይጠቀማል። «ከመጀመሪያው ፈሳሽ በኋላ የእጅ ምቱ አሁንም ደካማ ነው፤ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጨምሩበት። ያንኑ የመጀመሪያ መጠን አንድ ጊዜ መድገም ነው መልሱ። መጠጣት እንደቻለ ኦአርኤስ ጎን ለጎን መጀመርም አለበት። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን አተት ሲይዘው ሬዞማል (ለምግብ እጥረት ታማሚ የተዘጋጀውን ኦአርኤስ) የሚሰጥ ሰው አሁንም አለ፤ በአተት ጊዜ መደበኛው ኦአርኤስ ነው የሚሰጠው። ይህን አንድ ጥያቄ ማካተት ይገባል።

የመጠጥ ውሃ። ባልዲ ላይ ክሎሪን ጨምሮ 30 ደቂቃ ጠብቆ ቀሪ ክሎሪን ይለካ፤ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር። ሳይጠብቅ የሚለካ፣ ወይም ደፍራሽ ውሃ ላይ ሳያጣራ የሚጨምር፣ ቁጥሩን ቢያገኝም ሥራውን አያውቀውም።

ጸበል ያሉት ጉዳይ ራሱን የቻለ ጣቢያ ይገባዋል። በ2015 ክረምት ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ የታየው አተት ከሌላው የሚለየው ታማሚው ከየወረዳው መጥቶ ወደየወረዳው የሚመለስ በመሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ መዛኝ የቦታው አባት ሆኖ ይቀመጥ፤ ተመዛኙ ገብቶ ውሃው እንዲታከም ይነጋገር። የሚመዘነው ይህ ነው፦ ቆቡን አውልቆ ተገቢውን ሰላምታ ሰጥቶ «አባታችን» ብሎ ይጀምራል? ከመናገሩ በፊት ይጠይቃል? «ሕዝቡን ያሳመመው ጸበሉ ነው» ብሎ ይከስሳል ወይስ የመጠጥ ውሃውን ከጸበሉ ለይቶ ማከም የሚቻልበትን መንገድ ያቀርባል? ሲወጣ የተቆረጠ ነገር ይዟል? ለምሳሌ የኦአርኤስ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ መጸዳጃው ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ማን በየማለዳው ክሎሪን እንደሚጨምር። ክስ የሰነዘረ ሰው በሌላው ሁሉ ቢያልፍም ለዚህ ድርሻ አይላክ። አንድ የተሳሳተ ቃል ቦታውን ለሳምንታት ይዘጋዋል።

---

ላብ ጠረጴዛ

የናሙናው ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያ ብቻ የሚፈተንበት እንዳይሆን አደራ። ወረዳ ላይ ናሙና የሚወስደው ብዙ ጊዜ ነርሱ ወይም ጤና መኮንኑ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሆን ብላችሁ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም ዕቃ ደባልቃችሁ አስቀምጡ፤ የሰገራ ናሙና ማጓጓዣው ካሪ ብሌር ሁለት (አንዱ ቀኑ ያለፈበት)፣ ተራ የደም ቱቦና ሐምራዊ ክዳን ያለው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ቱቦ)፣ አይስ ፓክ፣ የክትባት ማጓጓዣ፣ ጥጥ፣ ፌስታል፣ የመጠየቂያ ቅጽ። ከዚያ «አንድ የአተትና አንድ የኩፍኝ ተጠርጣሪ ናሙና አዘጋጅተህ አሽግ» በሉ።

የአተቱ ሰገራ ጸረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ይወሰዳል፤ ካሪ ብሌር ውስጥ ገብቶ በክፍል ሙቀት ይሄዳል። በረዶ ላይ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ ባክቴሪያው ቅዝቃዜ አይወድም። ካሪ ብሌር ከሌለ ናሙናው በ2 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። «ፈጣን ምርመራው ፖዘቲቭ ሆኗል፤ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለማረጋገጥ) መላክ ያስፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አያስፈልግም» የሚል ካለ ለማስታወሻ ያዙት። የኩፍኙ ደም ግን ተራ ቱቦ ውስጥ ገብቶ፣ ረግቶ፣ ሴረሙ (ከረጋው ደም በላይ የሚቀረው ፈሳሽ) ተለይቶ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚጓጓዘው። ሐምራዊውን ቱቦ ያነሳ፣ ወይም ሴረሙ ሳይለይ ደሙን ያቀዘቀዘ፣ ናሙናውን አበላሽቷል። ድንገት የሰነፈ እጅ እግር ላለው ልጅ (ኤኤፍፒ) አንድ የቃል ጥያቄ ይበቃል፦ ሁለት ሰገራ፣ በመካከላቸው 24 ሰዓት፣ ሽባነቱ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ።

እሽጉ ሦስት ንብርብር ነው፤ ቱቦው፣ የሚመጥ ነገር ተጠቅልሎበት የማያፈስ ዕቃ ውስጥ፣ ከዚያ የውጪው ሳጥን። ቅጹ ከናሙናው ጋር በአንድ ከረጢት አይገባም፤ ቱቦው ቢፈስ ወረቀቱ ይበላሽና ናሙናው የማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ቢሆን ከዚህ ጣቢያ ሁለት እርምጃዎችን ብቻ ወሳኝ አደርጋለሁ፦ ትክክለኛ ቱቦ፣ እና በቱቦው ላይ ያለው መለያ ከቅጹ ጋር አንድ መሆኑ።

ለደም አፍሳሽ ትኩሳቱ ደግሞ መልበስን ሳይሆን ማውለቅን መዝኑ። ተመዛኙ ሙሉ ከለበሰ በኋላ ጓንቱና ጋውኑ ላይ የሚታጠብ ቀለም ይቀቡት፤ አውልቆ ሲጨርስ እጁ፣ አንገቱና ፊቱ ላይ ቀለም ይታይ እንደሆነ እዩ። ማስኩን ከፊት ለፊት የሚነካ፣ መነጽሩን ወደ ፊት የሚጎትት፣ በየእርምጃው መካከል እጁን ማጽዳት የሚዘል ሰው ቀለሙ ራሱ ያጋልጠዋል፤ መከራከሪያ የለውም።

---

ቁጥር ወዳጅ

የመረጃውን ጣቢያ ልጨምር። 30 ረድፍ ያለው ላይን ሊስት አዘጋጁና ውስጡ ስህተት ቅበሩ፦ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ሰው (ስሙ አንዴ በ«ኃ» አንዴ በ«ሀ» የተጻፈ)፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ከታከመበት ቀን በኋላ የሆነ፣ የ9 ወር ሕፃን «9 ዓመት» የተባለ፣ የመጣበት ወረዳ ያልተሞላለት። ከሁሉ በላይ ግን የቀን አቆጣጠሩን ደባልቁት። ሜዳ ላይ በእውን የሚያጋጥመው እሱ ነው።

ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ 12/03/2017 ሲጽፍ ኅዳር 12 ማለቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2024። ኤክሴል ግን እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ማርች 12 ወይም ዲሴምበር 3 ቀን 2017 አድርጎ ይወስደዋል፤ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። 30/02/2017፣ ማለትም ጥቅምት 30፣ ሲገባለት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ያ ታማሚ ከግራፉ ላይ ዝም ብሎ ይጠፋል። በ45 ደቂቃ ውስጥ ይህን ያየና ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር የመለሰ ሰው ካገኛችሁ ለሌላ ሥራ አትስጡት።

ካጸዳ በኋላ የወረርሽኙን ግራፍ ይሥራ፣ ቀጣይ ሦስት እርምጃዎችን በጽሑፍ ያስቀምጥ። አንድ ስሌትም ይኑር፦ 90,000 ሕዝብ ያለው ወረዳ በአንድ ሳምንት 8 የማጅራት ገትር ተጠርጣሪ አገኘ። 8.9 በ100,000 ነው፤ ከማስጠንቀቂያው ጣራ (3) አልፏል፣ ከወረርሽኙ (10) አልደረሰም። 9ኛው ታማሚ ሲመጣ ይደርሳል። ስሌቱን ሠርቶ ውሳኔውን የማይናገር ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሠራው። ወዲያውኑ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ሲሆን በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚቀጥለው እርከን መድረስ እንዳለበት ማወቁንም በዚያው አረጋግጡ፤ ለማን እንደሚደውል ቁጥሩን ከስልኩ ያሳያችሁ።

አሁን ወደ ነጥብ። ጠቅላላ ድምር 70 በመቶ ያመጣ ያልፋል የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ አልስማማም። ድምር ጉድለትን ይሸፍናል፦ ሰላምታውን፣ ምልክቱን፣ ጓንቱን ሁሉ አሟልቶ ክሎሪኑን በአሥር እጥፍ የሳተ ሰው 85 ሊያመጣ ይችላል። በየጣቢያው ከ8 እስከ 12 እርምጃ ይኑር፤ ከእነሱ 2 ወይም 3ቱ ወሳኝ ይባሉ፤ ወሳኙን የሳተ በዚያ ጣቢያ አላለፈም፣ ድምሩ ምንም ይሁን። ለተቀሩት እርምጃዎች ማለፊያውን ለመወሰን መስክ ላይ የሠሩ 5 ወይም 6 ሰዎች ሰብስባችሁ ለእያንዳንዱ እርምጃ «ለመላክ በጭንቅ የሚበቁ 10 ባለሙያዎች ቢኖሩ ስንቱ ይህን በትክክል ያደርጉታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የመልሳቸው አማካይ ማለፊያችሁ ነው። ከአየር ላይ ከተወሰደ 70 ይሻላል፤ ቅሬታ ሲመጣም ማስረዳት ትችላላችሁ።

መዛኞቹንም መዝኑ። ሁለት መዛኞች ሳይነጋገሩ ያንኑ 20 ሰው ይመዝኑ። ሁለቱም 12ቱን አሳለፉ፣ ሁለቱም 4ቱን ጣሉ፣ በቀሩት 4 ላይ ተለያዩ እንበል፤ አንደኛው ሁለቱን፣ ሌላኛው የቀሩትን ሁለት አሳለፈ። ስምምነታቸው 80 በመቶ ነው፤ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም 14፣ 14 ሰው ስላሳለፉ በአጋጣሚ ብቻ 58 በመቶ ይስማሙ ነበር። ካፓ የሚባለው፣ ከአጋጣሚ በላይ ያለውን ስምምነት የሚለካው ቁጥር፣ (0.80 ሲቀነስ 0.58) ለ0.42 ሲካፈል 0.52 ይሆናል፤ መካከለኛ ነው። ከ0.6 በታች ከሆነ ቼክሊስቱ ላይ ሁለት ትርጉም ያለው እርምጃ አለ ማለት ነው። «በአግባቡ ታጠበ» የሚል መስመር ካለ እሱን ፈልጋችሁ «መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት» ብላችሁ ከፋፍሉት።

---

ሲስተር ቅኝት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በጣም ረድታችሁኛል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ይህን ሁሉ ለሰማንያ ሰው ማዞር የሚቻል ነው? ሁለተኛ፣ አንዳንድ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ውጤቱ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዲሰጣቸው ይፈልጋሉ። ልስጥ? ደግሞ አንድ ባልደረባዬ «የተግባር ጣቢያውን ትተሽ የጠረጴዛ ላይ ልምምድ ብቻ እናድርግ፤ ርካሽ ነው» ይለኛል።

---

የምላሽ አስተባባሪ

ከመጨረሻው ልጀምር። የጠረጴዛ ላይ ልምምድ ጥሩ ነገር ነው፤ የሚመዝነው ግን ዕቅድንና ቅንጅትን ነው። ማን ለማን ይደውላል፣ መኪናው ከየት ይመጣል፣ ሁለት ቢሮ አንድን ሥራ እኔ ነኝ የምሠራው ይላሉ ወይ የሚሉትን ያወጣል። የግለሰብን እጅ አያሳይም። አሥራ ሁለት ሰው ክብ ተቀምጦ ሦስቱ ሲናገሩ ዘጠኙ ያለፉ ይመስላሉ። ከምዘናው በኋላ የተመረጡትን ቡድን አድርገው ለማለማመድ ያስቀምጡት።

ጊዜውን እናስላ። 4 የተግባር ጣቢያ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ፣ ለመዘዋወር 3 ደቂቃ። 4 ሰው አንድ ዙር ለመጨረስ 72 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በቀን 5 ዙር 20 ሰው ይሆናል፣ 6 ሰዓት ነው። የላይን ሊስቱ ጣቢያ 45 ደቂቃ ስለሚፈልግ ጠዋት ላይ 20ውም አንድ ላይ ተቀምጠው ይሥሩት። ስለዚህ ሰማንያው ሰው 4 የምዘና ቀን ነው። አንድ ቦታ አይሰብስቡ፤ በአራት ማዕከል ከፋፍለው ወረዳዎችን በቅርበት ይመድቡ፤ ከአንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ሰው በአንድ ቀን አይምጣ። የገበያ ቀንና የክትባት ዘመቻ ሳምንትን ይለፉ። ሁሉም ሰው ሁሉን ጣቢያ ማለፍ የለበትም፦ ክሎሪንና ራስን መጠበቅ ለሁሉም፣ የቀረው እንደ ተመደበበት ድርሻ።

ውጤቱን ለአፈጻጸም ምዘና እንዳይሰጡ አጥብቄ እለምናለሁ። አንዴ ከደመወዝ እድገት ጋር ከተያያዘ በሚቀጥለው ዙር ያልቻለ ሰው «አልችልም» አይልም፤ ከሙያ ፈቃድ ፈተና ጋርም እንዳይምታታ በጥሪ ደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፉ። ኃላፊው ማወቅ ያለበት ሠራተኛው ለየትኛው ድርሻ እንደተመዘገበና ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልገው ነው፤ ነጥቡን አይደለም። ያላለፈውም ከሮስተር አይሰረዝ። ለእያንዳንዱ ተግባር አራት ደረጃ ይጠቀሙ፦ ሥልጠና የሚፈልግ፣ ከሌላ ጋር ሆኖ የሚሠራ፣ ብቻውን የሚሠራ፣ ሌላውን ማሠልጠን የሚችል። ብዙው ሰው ሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ ሁለት ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ደረጃ ያለው ቡድን ሥራውን በደንብ ይሠራዋል።

---

የሰው ሀብት ዴስክ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ሆኖ ችሎታ ያለው ሰው ላይመጣ ይችላል። ይህ ጎን ሁልጊዜ ይረሳል።

ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ያስሉ። 6 ሰው ያለው አንድ ቡድን በየ3 ሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ፣ ለ12 ሳምንት ምላሽ 4 ዙር፣ 24 ስምሪት ነው። በተጠራ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ብቻ መምጣት የሚችል ከሆነ 48 ሰው መዝገብ ላይ ሊኖር ይገባል፤ ያውም ድርሻቸው ተመጣጥኖ። ሰማንያ ብለው የላኩት ሮስተር ውስጥ 40ው ነርስ፣ 2ቱ አካባቢ ጤና ከሆኑ የሮስተሩ ትክክለኛ አቅም በእነዚያ 2 ሰዎች ይወሰናል።

በቅጹ ላይ እነዚህን ይጨምሩ፦ የሚናገራቸው ቋንቋዎች (ዋግ ኽምራ ለሚሄድ ኽምጣንጋ፣ አዊ ለሚሄድ አዊኛ፣ ከሚሴ አካባቢ ኦሮምኛ)፤ ከቤት በሌሊት መራቅ ይችል እንደሆነ፣ የምታጠባ እናት ከሆነች በአቅራቢያ ወረዳ ብቻ የምትሰማራ መሆኗ፤ ሥር የሰደደ ሕመም ካለ (ሙሉ መከላከያ ልብስ በቆላ ሙቀት ከባድ ነው)፤ የወሰዳቸው ክትባቶች፤ ሞተር ሳይክል የመንዳት ፈቃድ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሲሄድ በቦታው ማን እንደሚተካ በስም ይጻፍና የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይፈርምበት። ተተኪ ሳይኖር አዋላጇን ወስዶ አተት ላይ ማሰማራት ወረርሽኙን ለማቆም የእናቶችን ክፍል መዝጋት ነው። የውሎ አበሉ ምንጭና የሚከፈልበት ጊዜም ከስምሪት በፊት ይታወቅ፤ መጀመሪያው ዙር ያልተከፈለው ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ስልክ አያነሳም።

---

ቁጥር ወዳጅ

ስልክ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በየ3 ወሩ የጥሪ ሙከራ አድርጉ። ሳምንቱ ይነገራቸው፣ ቀኑና ሰዓቱ አይነገር፤ ጨርሶ ሳይነገር ከተደረገ ሰው ይደነግጣል፣ ጭራሽ እውነተኛ ወረርሽኝ ነው ብሎ ወሬ ይነዛል። የመጀመሪያው ቃላችሁ «ይህ ሙከራ ነው» ይሁን። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ በ24 ሰዓት ውስጥ መነሳት ትችላለህ? ተተኪህ ማን ነው? ያለፈው ምዘና ላይ ያልተሟላልህ ሥልጠና ተሰጠህ? መልሱንና ስልኩ የተነሳበትን ሰዓት መዝግቡ። በሁለት ተከታታይ ሙከራ ያልተገኘ ሰው ወደ ተጠባባቂ ዝርዝር ይዛወር።

የምዘናው ውጤትም ዘላለማዊ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ተግባር ጎን የተመዘነበትን ቀን ጻፉ። መከላከያ ልብስ ማውለቅ ቶሎ የሚረሳ ነገር ስለሆነ እኔ በ6 ወር፣ ሌላውን በዓመት አድሰው ነበር። ቀኑ ላይም ያው የአቆጣጠሩን ነገር እንዳትረሱ፤ ዓምዱን «ዓ.ም» ብላችሁ ሰይሙና ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ሴሎች ይግቡ።

---

ሲስተር ቅኝት (ጠያቂ)

ቅጹን ዛሬውኑ መቀየር ጀምሬያለሁ። የክሎሪኑንና የናሙናውን ቼክሊስት ረቂቅ ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ወሳኝ ያልኳቸውን እርምጃዎች እያያችሁ አርሙኝ። ኤችቲኤቹ 65 በመቶ የሆነ ወረዳ ስላለን ስሌቱን ለሁለቱም አስገባዋለሁ።

---

አተት ማዕከል

ለ65ቱ 154 ግራም ነው፣ ሲስተር። በፈተናው ቀን ሁለቱንም ቆርቆሮ ጎን ለጎን አስቀምጪና ምልክቱን የሚያነብ ማን እንደሆነ እዪ።